የአሥር ሳንቲሙ አጋዘን

ዛሬ እንደ ልማዴ ግጥም ይዤ አልመጣሁም። የያዝሁት አንድ አሥር ሳንቲም ነው። እንጀራዬ ባንክ ቤት መሆኑን የምታውቁ ወዳጆቼ «ደግሞ ስለ ገንዘብ ሊጽፍልን ነው» ብላችሁ ገጹን እንዳትዘጉት አደራ። ነገሬ ከሳንቲሙ ዋጋ ሳይሆን ከፊቱ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአርሲ ደጋ ካሉት ከተሞች በአንዱ ተመድቤ ስሠራ፣ አንዲት እናት በወተት ጣሳ ሙሉ ዝርዝር ይዘው ወደ መስኮቴ መጡ። ለስንት ዘመን እንዳጠራቀሙት እግዚአብሔር ይወቅ። እንዲህ ያለ ደንበኛ ሲመጣ ገንዘብ ቆጣሪ ሁሉ በልቡ ያማርራል። ተቆጥሮ የሚገኘው ጥቂት ብር፣ የሚፈጀው ግን ግማሽ ሰዓት ነውና። እኔም አማረርሁ። ሳንቲሞቹን በየዓይነቱ እየለየሁ ስደረድር ግን አንዱ ከጣቴ አምልጦ ጠረጴዛው ላይ ተሽከረከረና ተጋደመ፤ አየሁት። በልጅነቴ ስንት ከረሜላ የገዛሁበት አሥር ሳንቲም ነው። በአንድ ፊቱ አንበሳ፣ ከሥሩ በግእዝ ቁጥር ፲፱፻፷፱ የሚል ዓመተ ምሕረት። በሌላው ፊቱ ቀንደ ጥምዝ እንስሳ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ሰው ነበርሁ፤ የዚያን እንስሳ ስም ብጠየቅ አልመልስም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሌሎቹንም ዝርዝሮች ገልብጬ አየሁ። በ1969 ዓ.ም. ደርግ የንጉሡን ገንዘብ ሲለውጥ ያወጣቸው ናቸው። በአንድ ሳንቲሙ ላይ ገበሬ ሁለት በሬ ጠምዶ ያርሳል። በአምስት ሳንቲሙ ላይ ወታደር ጠመንጃውን ይዞ ቆሟል። በአሥር ሳንቲሙ ላይ እንስሳው አለ። ሦስቱን በተርታ አስቀምጬ ጥቂት ቆየሁ። ቀራጮቹ እንዲህ አስበው እንዳላደረጉት እርግጠኛ ነኝ፤ ነገር ግን ማረሻው፣ ጠመንጃውና አውሬው በዚህ ቅደም ተከተል መደርደራቸው የእንስሳውን ታሪክ በሦስት ቁራጭ ብረት የጻፈው ይመስላል።

እንስሳው ደጋ አጋዘን ነው። ፈረንጆቹ «የተራራ ኒያላ» ይሉታል። ኒያላ የሚለውን ስም እንኳ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በሲጋራው፣ በኢንሹራንሱ፣ በመኪና አስመጪው። (አገራችን ውስጥ እንስሳ ሲጠፋ ስሙ የሚተርፈው በንግድ ምልክት ነው መሰለኝ። ዋልያንም ቢራ አድርገን እየጠጣነው ነው።) ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። በኢትዮጵያም ቢሆን ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ባሉት ደጋዎች፣ በአርሲ፣ በባሌና በምዕራብ ሐረርጌ ተራሮች እንጂ ሌላ ቦታ አይገኝም።

የዓለም ሳይንስ ይህን እንስሳ ያወቀው እጅግ ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 ሜጀር አይቨር ባክስተን የሚባል እንግሊዛዊ ከዝዋይ ሐይቅ ደቡብ ምሥራቅ ባሉት ተራሮች ሲያድን ገድሎ ቆዳና ቀንዱን ወደ አገሩ ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ1910፣ ዐፄ ምኒልክ ታመው አልጋ ላይ በዋሉበት ዓመት፣ ሪቻርድ ሊዴከር የተባለ የለንደን ሊቅ እንስሳውን ለሳይንስ አዲስ ነው ብሎ አስመዘገበው፤ በአዳኙም ስም «ባክስተኒ» ብሎ ሰየመው። ከአፍሪካ ትልልቅ የአጋዘን ወገኖች በሳይንስ መዝገብ በመጨረሻ የገባው እርሱ ነው። በዚያ ጊዜ እዚያ ተራራ ላይ ከብት ሲያግድ የነበረው የአርሲ ሰው ይህን ቢሰማ ምን ይል ነበር? አባቱም አያቱም ከገብሳቸው ላይ እያጨበጨቡ ሲያባርሩት የኖሩትን እንስሳ፣ አንድ መንገደኛ ገድሎት ስለሄደ «ተገኘ» ተባለ። ከቶ ጠፍቶ ያልነበረ ነገር ነው የተገኘው። መጥፋት የጀመረው ከተገኘ በኋላ ነው።

በስሙ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ግጥም ለሚሞክር ሰው ስም ቀላል ነገር አይደለምና። ሊዴከር መጀመሪያ ከአጋዘን ቆጥሮት ነበር። በኋላ ፈረንጆቹ በደቡባዊ አፍሪካ ቆላ የሚኖረውን ኒያላ መሰላቸውና በዚያው ስም ጠሩት። በዘመናችን በዘር ቅንጣት ሲመረመር ግን ለኒያላም ለአጋዘንም ያን ያህል ቅርብ አልሆነም፤ ይልቁን ወደ ድኩላና ወደ ቦንጎ ያደላል። የእኛም ስም የእነርሱም ስም እኩል ስቷል ማለት ነው። ይሁን እንጂ «ደጋ አጋዘን» ቢያንስ አንድ ነገር በትክክል ይናገራል፤ እንስሳው የደጋ መሆኑን። ችግሩም የሚመነጨው ከዚህችው ቃል ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ሰው የሚፈልገው መሬት ነው። ዝናም አለው፣ ወባ የለውም፣ ገብስና ስንዴ ያበቅላል። ደጋ አጋዘንና የኢትዮጵያ ገበሬ የሚመርጡት አየር አንድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1963 ሌስሊ ብራውን የሚባል በኬንያ የእርሻ ሹም የነበረ ሰው እንስሳውን ፍለጋ ወደ አርሲና ባሌ ወጣ። እስከዚያ ድረስ ደጋ አጋዘን ሊያልቅ ጥቂት የቀረው እንስሳ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። ብራውን በተለይ በባሌ ተራሮች ከተገመተው እጅግ የሚበልጥ አገኘ። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጠቅላላው ከ7,000 እስከ 8,000፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ይሆናል ብሎ ገመተ። ጉዞውን በመጽሐፍ ጽፎ አሳተመ፤ ባሌ ብሔራዊ ፓርክ እንድትሆንም መከረ። ደስ የሚል ዜና ነበር። ሆኖም ብራውን ተራራውን በሚዞርበት በዚያው አሥር ዓመት፣ ከተራራው ግርጌ ሌላ ታሪክ እየተጀመረ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ርዳታ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ተቋቋመ። ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድርና ትራክተር ወደ አርሲ ገባ። ዓላማው ትንሹን ገበሬ መርዳት ነበር፤ ምርቱም በእውነት ጨመረ። ነገር ግን መሬት የባለርስት በነበረበት ዘመን ትራክተር ሲመጣ ባለርስቱ ጭሰኛውን አስነሣና ራሱ ማረስ ጀመረ። የተነቀለው ጭሰኛ ብዙ ነው። ሜዳው በትራክተር ከተያዘ ድኻ ወዴት ይሄዳል? ከተማ ያልገባው ሰው የቀረለት ሽቅብ ነው። ከ1967ቱ ለውጥ በኋላም «መሬት ላራሹ» ታወጀና ጭሰኝነት ቀረ እንጂ የሰውና የመሬት ስሌት አልተለወጠም። ልጆች ተወለዱ፣ ማሳ ተከፋፈለ፣ ማረሻው በየዓመቱ አንድ እርምጃ ወደ ጭላሎ፣ ወደ ካካ፣ ወደ ገለማ ጫፍ ወጣ። ያ ሁሉ ተራራ የደጋ አጋዘን አገር ነበር።

በእኛ ሥራ ሁለት ቃላት አሉ፤ ዋናና ወለድ። ወለድ የሚለው ቃል ከመውለድ መምጣቱን ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? ገንዘብ ይወልዳል፤ ዋናው ሳይነካ ወለዱ ይበላል። አያቶቻችን ከደኑ የሚበሉት ወለዱን ነበር ብዬ ለመጻፍ አምሮኝ ነበር፤ ግን እውነት አይሆንም፤ አቅም አጥተው እንጂ እነርሱም ዋናውን አልማሩትም። ደጋ አጋዘን በአንድ ጊዜ የምትወልደው አንድ ግልገል ብቻ ነው። እንደዚህ ያለ እንስሳ ወለዱ ትንሽ ነው። ጠመንጃ በበዛበት አገር ዋናው በአንድ ክረምት ያልቃል።

ያለቀውም እንዲሁ ነው፤ ባሌ ላይ፣ በ1983 ዓ.ም.።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ስፋቱ ወደ 2,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። «ተቋቋመ» ስል ግን እንደ ባንክ ሠራተኛ አንድ ነገር ልጨምር። በሕግ ተደንግጎ ወሰኑ በነጋሪት ጋዜጣ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። አርባ አራት ዓመት ያለ ካርታ የኖረ ርስት! እኛ ዘንድ አንድ ሰው ካርታ የሌለው ቤት ይዞ ለብድር ቢመጣ በር ላይ እንመልሰዋለን። በዚያ ሁሉ ዘመን ግን የአካባቢው ሰው «ፓርክ ነው፤ ግጦሽ ክልክል ነው፤ ማገዶ ክልክል ነው» እየተባለ ኖረ። ማንም አልጠየቀውም፣ ማንም አላካፈለውም። በደርግ ዘመን መንደር ምሥረታው ተጨመረበት። እንግዲህ ግንቦት 1983 መንግሥት ሲወድቅ ሰው ወደ ፓርኩ የገባው ርቦት ብቻ አይመስለኝም። የጥበቃ ቤቶቹ ተዘረፉ፤ በጋይሳይ ሸለቆና በአካባቢው ከ1,000 በላይ የነበሩት ደጋ አጋዘኖች በጥቂት ጊዜ ውስጥ ወደ 150 ገደማ ወረዱ። ሥጋ ብቻ ቢሆን በቀስታ ይበላ ነበር። የመንግሥት ከብት ናቸውና የወደቀው መንግሥት ቂም በእነርሱ ተወጣ።

ይህን ስጽፍ ማንንም ለመክሰስ አይደለም። አንድ አዛውንት ደንበኛ ነበሩኝ፤ በየወሩ የልጃቸውን ሐዋላ ሊወስዱ ይመጣሉ። ያን አሥር ሳንቲም በመሳቢያዬ አስቀምጬው ነበርና አንድ ቀን አወጣሁት።

«አባባ፣ ይህን እንስሳ ያውቁታል?»

ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩትና ሳቁ። «አላውቀውም ወይ! ልጅ ሆኜ ከገብሳችን ላይ የማባርረው እኔ ነበርሁ። ሌሊት ይወርዳል። አባቴ አትውገረው፣ አጨብጭብለት ይሄዳል ይለኝ ነበር።»

«አሁንስ አለ?»

«አሁን ምን አለ ልጄ። እኛም ልጆቻችንም በዝተን የሱን ቤት አረስነው።» ሳንቲሙን መለሱልኝና ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። «ጠልተነው እንዳይመስልህ» አሉኝ። «መሬቱ ጠበበን።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ የሚጻፈውን ሁሉ እያደንሁ አነበብሁ። ስለ ቆርኬ አነበብሁ፤ በክፉ ቀን፣ በ1880ዎቹ (ዓ.ም.) ጣልያኖች በምፅዋ ባስገቧቸው ከብቶች የመጣው የከብት በሽታ በሬውን ብቻ ሳይሆን የዱሩንም አመስኳ እንደፈጀ አላውቅም ነበር። በምዕራብ ሐረርጌ ለደጋ አጋዘን መጠጊያ ተብሎ ስለተከለለው ስለ ኩኒ ሙክታር ተራራ፣ እርሱም በአደንና በእርሻ እንዴት እንደተራቆተ አነበብሁ። በአርሲና በባሌ በተፈቀዱ የአደን ቀበሌዎች የውጭ አገር ሰዎች አንድ ባለቀንድ ወንድ ለመግደል በሺዎች የሚቆጠር ዶላር እንደሚከፍሉም አነበብሁ። መጀመሪያ ደሜ ፈላ። በኋላ ግን አንዳንዱ ደን ቆሞ የቀረው ያ ገንዘብ ስለሚጠብቀው ነው የሚሉትን ስሰማ በቀላሉ የምመልሰው ነገር አጣሁ። ዛሬም አጥቻለሁ። ሞቱ ዋጋ ያለው እንስሳ በሕይወት ይቆያል፤ ሞቱ ዋጋ የሌለው በነጻ ያልቃል። ይህን ስሌት ባልወደውም ስሌቱ ስሕተት የለበትም።

በጥር ወር አንድ ቅዳሜ ከዶዶላ በአዳባ በኩል ወደ ዲንሾ ሄድሁ። መኪናው ውስጥ ሰው ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ ተኝቷል። ጎሕ ሲቀድ ጋይሳይ ደረስን። ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ተነጥፏል። የጠበቅሁት ብዙ ሰዓት በእግር ሄጄ፣ ደክሜ፣ ከሩቅ ጥላውን ማየት ነበር። እንስሶቹ ግን ከመንገዱ ዳር ነበሩ! አምስት ሴቶች፣ ቀንድ የሌላቸው፣ ቀላ ያሉ፣ አንገታቸውን ደፍተው ይግጣሉ። ከአጠገባቸው ሁለት ላሞችና አንድ ፈረስ እንዲሁ ይግጣሉ። አንድ ሣር፣ አንድ ገበታ። የሚያስጎበኘኝ ልጅ «ወንዱን ካላየህ አየሁ አትበል» አለኝና በፓርኩ ጽሕፈት ቤት በኩል ወዳለው የኮሶና የጥድ ዛፍ አወጣኝ።

ወንዱ ከኮሶው ሥር ቆሞ ነበር። ያን ያህል ትልቅ መሆኑን ሳንቲሙ አልነገረኝም። ክብደቱ ከሦስት ጎልማሳ ሰዎች የሚበልጥ ይመስላል፤ ጠጉሩ ጠቆር ያለ ቡናማ፣ በጎኑ ላይ ዱቄት የተረጨ የሚመስሉ ነጫጭ ነጥቦች፣ በዓይኖቹ መካከል ነጭ መስመር፣ ከጀርባው ላይ እንደ ጋማ የቆመ ጠጉር። ቀንዱ ተጠምዝዞ ወጥቶ ጫፉ ነጣ ይላል። አልሸሸም። ለምን ከጽሕፈት ቤቱ ደጅ እንደማይርቅ ልጁን ጠየቅሁት። «ውሻ ፈርቶ ነው» አለኝ። «ሜዳው ላይ የእረኞች ውሾች ያሳድዷቸዋል። እዚህ ሰው አለ፤ ሰው ባለበት ይድናሉ።» ይህን አባባል ስንት ጊዜ በልቤ እንዳመላለስሁት አልነግራችሁም።

ያን ዕለት ማታ በዲንሾ አንዲት ትንሽ ክፍል ውስጥ፣ ብርዱ እንቅልፍ ቢነሣኝ፣ ሁለት መስመር ጻፍሁ። ከዚያ ወዲያ አልቀጠለልኝም፤ እንዳለ ይኸውላችሁ፦

በነሐስ ቀርጸንህ በኪሳችን ያዝንህ፣
በሜዳ ቆመህ ግን አናውቅህም አልንህ።

በጎ ነገር የለም እንዳትሉኝ። የጋይሳይ መንጋ ከ1983ቱ እልቂት በኋላ ቀስ በቀስ አገግሟል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የእንስሳው ጠቅላላ ቁጥር ግን፣ ብራውን ከ7,000 በላይ ብሎ የገመተው፣ ዛሬ በደኅነኛው ግምት እንኳ ከ4,000 አይበልጥም ይባላል፤ ዝቅ የሚያደርጉት ወደ 1,500 ያወርዱታል። ቅርስነት መዝገብ ላይ ሲሰፍር ላሞቹ ከሜዳው አልወጡም፤ የሚወጡበት ሌላ ሜዳም የላቸውም።

አሁን ወደ መሥሪያ ቤቴ ልመለስ፤ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ እዚያ የገጠመኝ ነውና።

ከዲንሾ ከተመለስሁ በኋላ ወደ ብድር ክፍል ተዛወርሁ። ሥራዬ የገበሬዎችን የብድር ማኅደር ማዘጋጀት ነበር፤ ለማዳበሪያ፣ ለምርጥ ዘር፣ ይልቁንም ለብቅል ገብስ። የቢራ ፋብሪካዎች ገብሱን ይፈልጉታል፣ ዋጋውም ጥሩ ነው፤ ገብስ ደግሞ ከስንዴ ይልቅ ከፍታና ብርድ ይችላል። በየማኅደሩ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ቅጂ ይያያዛል። በደብተሩ ላይ የማሳው አራት አዋሳኞች በኦሮምኛ ይሰፍራሉ፤ በሰሜን መንገድ፣ በምሥራቅ የእገሌ ማሳ፣ በምዕራብ ወንዝ፣ በደቡብ «ቦሶና»። ቦሶና ደን ማለት ነው።

አንድ ቀን የአዛውንቱ ደንበኛዬ ታላቅ ልጅ ብድሩን ሊያሳድስ መጣ። የድሮውን ማኅደር ከመደርደሪያ አወጣሁና ካመጣው አዲስ ቅጂ ጋር አስተያየሁ። ሰሜን፣ ምሥራቅና ምዕራብ እንደነበሩ ናቸው። በደቡብ በኩል ድሮ «ቦሶና» የነበረበት ቦታ ላይ የታናሽ ወንድሙ ስም ገብቷል።

«ከወንድምህ ማሳ ወዲያስ ምን አለ?» አልሁት።

ጥያቄው የብድሩ ክፍል መስሎት ተጨነቀና ለጥቂት ጊዜ አሰበ። «ከዚያ ወዲያ አስታ ብቻ ነው» አለኝ። «ገና ነው።»

ልጁ ንጹሕ ተበዳሪ ነው፤ አንድም ቀን አሳልፎ አያውቅም። አምስት ልጆች አሉት፤ ሦስቱ ትምህርት ቤት ናቸው። ማኅደሩ አልጎደለም። የተጠየቀው ሁሉ ተሟልቷል፤ የሚከለክል መመሪያ የለም። ማኅተሙን አንሥቼ ቀለሙ ላይ ጫንሁት፤ ወረቀቱም ላይ መታሁት።